ያልተቋረጠው የእንቁራሪቶች ድምፅ

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። የሙዚቃ ደራሲው ፎቅ ላይ ተቀምጧል፤ ለአዲሱ የኦርኬስትራ ሥራው ድምፅ የሚቀዳበት ማይክሮፎን በመስኮቱ በፊት ለፊቱ ግቢ ወዳለው የእንቁራሪቶች ኩሬ ዞሯል፤ ረቂቆቹን በንጹሕ የሚጽፍለት ኖታ ገልባጭ ጓሮ ባለችው ክፍሉ ይሠራል፤ እህትየው ሐኪም ቤት ሄዳለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ ወንድሟን ከደረጃው ሥር ሞቶ አገኘችው። ክንዱ ላይ የጣት ሰንበር ነበር።

በማግስቱ የኦርኬስትራው መሪ ታሰረ። አሥር ሰዓት ላይ በግቢው በር ሲገባ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ አይታዋለች። «አንኳኩቼ የሚከፍት አጣሁና ተመለስኩ» ቢልም በማይክሮፎኑ የተቀዳው ካሴት ላይ የማንኳኳት ድምፅ የለም። ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥር ተኩል የእንቁራሪት ጩኸት ብቻ ነው።

መርማሪዋ ወደ ግቢው ስትገባ እንቁራሪቶቹ ፀጥ አሉ። ቆማ ቆጠረች፤ እንደገና የጀመሩት ከሰባ ሰከንድ በኋላ ነው።

«ለማንም እንዲሁ ናቸው» አለች እህትየው ከደጃፉ። «ወንድሜ ዘበኞቼ ይላቸው ነበር። ሌላ ጠያቂም አልነበረው።»

«ጆሮው ደህና ነበር?»

«ቀጭን ድምፅ ካልሰማ ሁለት ዓመቱ። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር።»

የት እንደነበር ስትጠይቀው ገልባጩ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ መለሰላት። «ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ማተሚያ ቤት ነበርኩ።»

«በየት በኩል ወጣህ?»

«በጓሮ ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት በጓሮ ነው የምወጣ የምገባው። በፊት ለፊት የሚገባ እንግዳ ነው።»

መርማሪዋ የደራሲውን ረቂቆች ከግልባጮቹ ጋር ገጽ በገጽ አስተያየች። ከዚያ እህትየውን፣ ገልባጩንና መሪውን ፎቅ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ መሪው እጁ በካቴና ነበር።

«አርባ ሰው በዱላ አዝዛለሁ» አለ መሪው፤ «በር ማንኳኳቴን ግን የሚያምነኝ አጣሁ።»

«እኔ አምኜዎታለሁ» አለች መርማሪዋ። «መግባትዎን ልብስ ሰፊዋ አይታለች። ሰው ሲገባ እንቁራሪቶቹ ዝም ይላሉ። ካሴቱ ላይ ግን አንዴም ዝም አላሉም። ስለዚህ ካሴቱ የሐሙስ አይደለም፤ ሰው ለውጦታል። የለወጠው ደግሞ እዚህ ካለው መቶ ካሴት መሐል ሌላ ድምፅ የሌለበትን፣ ፍጹም ንጹሑን መረጠ። ንጹሕ መምረጥ የማን ሥራ ነው?»

እህትየው ወደ ገልባጩ ዞረች። «አንተ?»

«ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት የደራሲው ረቂቅ ላይ አንድም የወፍ ዜማ የለም» አለች መርማሪዋ። «ግልባጩ ላይ ግን ሞልቷል። ማን ጻፋቸው?»

ገልባጩ ወደ እህትየው ተመለከተ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ጋሼን ከስምዎ ሥር ስሜን በትንሹ ያስገቡልኝ አልኳቸው። ገልባጭ ገልባጭ ነው አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ። ከዚያ ገፋኋቸው። ጭቅጭቃችን ተቀድቶ ስለነበር ካሴቱን ቀይሬ ወጣሁ፤ ሰው እንደሚመጣ አላወቅኩም።»

«የሐሙሱስ የት አለ?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። መጀመሪያው ላይ ወፎች አሉበት፤ መጣል አልቻልኩም።»

መሪው በዚያው ቀን ተፈታ። ሥራው በአራተኛው ወር ለሕዝብ ቀረበ፤ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ፕሮግራሙ ላይ የታተመው የደራሲ ስም አንድ ነበር፤ የሟቹ።