የባለኪሱ ሁለት እጆች

«ሬዲዮው ማንም ሳይነካው ነው ያወራው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ይህን ስትል አራተኛ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ ቀድሞ ለደረሰው ፖሊስ ነገረች። ከዚያ ሬሳውን ላነሱት። ከዚያ ሱሪ ልታሳጥር ለመጣች ደንበኛ። አሁን ደግሞ ለኢንስፔክተሯ። ባወራችው ቁጥር ሬዲዮው አንድ ቃል ይጨምራል።

ኢንስፔክተሯ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። እግሯ ጫማዋን አላውቅህም ብሎታል። ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱም የሟቹ ነው። ስለዚህ ቆመች።

ሟቹ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሰፈሩ «ባለኪሱ» ይለዋል። ኮረንቲ ያለበት ዕቃ ሲነካ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ በቀኙ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ኮረንቲው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር በልቡ በኩል እንዳያልፍ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ሱሪው ሁሌ በግራ ኪሱ በኩል ነው የሚያልቀው። የምትጥፍለትም ልብስ ሰፊዋ ናት።

ዛሬ ግን ከምሳ ተመለሰ፣ ሁለቱንም እጆቹን አንድ አሮጌ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ከተተና ሞተ። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል።

ሐኪሙ «አደጋ» ብሎ ጽፏል። አለቃዋም በስልክ «አደጋ ከሆነ ምን ያስለፋሻል፣ ዝጊው» ብሏታል። እሷም መዝጋቱን አልጠላችውም ነበር።

ቀና ስትል መብራቷን አየች።

ከጠረጴዛው በላይ ቀይ የመስታወት ክዳን ያላት መብራት ተሰቅላለች። ማብሪያው ከጠረጴዛው ሥር፣ ጉልበት ጋ ነው፤ የጠረጴዛውን ኮረንቲና መብራቷን አንድ ላይ ይለቃል። መብራቷ ከበራች ጠረጴዛው ላይ ኮረንቲ አለ፤ ግራ እጅ ወደ ኪስ። ከጠፋች የለም፤ ሁለት እጅ ይፈቀዳል። ይህን ሕግ የመደዳው ሱቆች በሙሉ ያውቁታል፤ ሲቀልዱበትም ኖረዋል።

«ማብሪያውን ማን ነካው?» አለች።

«ማንም» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «እኔ ከቆጣሪው ላይ ነው ያጠፋሁት።»

ጎንበስ ብላ አየች። ማብሪያው እንደበራ ነው።

ክዳኗን ፈትታ አምፖሉን አወጣችና ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ውስጡ ተንሿሿ። ተቃጥሏል።

አምፖል ይቃጠላል፤ ወንጀል አይደለም። የክዳኑ ውስጥ ግን የዓመታት የብየዳ ጥላሸት ለብሷል። አምፖሉ ደግሞ አሁን ከእጣቢ የወጣ ብርጭቆ መስሎ ያብለጨልጫል። የተቃጠለ አምፖል ወልውሎ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው?

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ እትዬ» አለቻት ልብስ ሰፊዋን።

«እሱ ምሳ ሊበላ ወጣ። ቆለፈ፤ ስንሰነባበት ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እሰፋለሁ። አንድ ጊዜ ሬዲዮው ጮኸ! ባዶ ቤት ውስጥ፣ ልጄ! ቆይቶ ደግሞ ቀስ... ቀስ... እያለ ልክ እንደ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጸጥ። እኔም ላብ በላብ ሆንኩ።»

«በር ሲከፈት አልሰሙም?»

«መኪናዬ እየጮኸ ምን እሰማለሁ? ደግሞ መንፈስ በር ያንኳኳል እንዴ?»

ከሱቆቹ ጀርባ አንድ ረጅም ኮሪደር አለ፤ የሁሉም ሱቅ የጀርባ በር ወደዚያ ይከፈታል። ወደዚያ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

«ይኸውልሽ፣ ስድስት ወር በዳበሳ ከሄድን በኋላ ዛሬ ቋጣሪው አምፖል ቀየረልን። ሰው ካልሞተ መብራት አይገባንም ማለት ነው።»

ቋጣሪው የመደዳው አከራይ ነው። ስሙን ያወጡለት ተከራዮቹ ናቸው፤ በመደዳው ወጪ የሆነ ነገር ቢኖር ያ ስም ብቻ ነው እያሉ ይስቃሉ።

ሬዲዮው ኤግዚቢት ሆነ። የቫልቭ ሬዲዮ ነው፤ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ አንድ ሰው በመከራ የሚታቀፈው። ሳጥኑ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። የሠሪው ስም ከነበረበት የቀሩት አራት የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው። ጣቢያ የሚነበብበት መስታወት ወልቆ ኮምፔንሳቶ ተመቶበታል። የታሰረበት ወረቀት ላይ ባለኪሱ «ስም የለውም። አምጪ፦ ሴት» ብሎ ጽፏል። ሌላ የለም።

ተጠርጣሪ ለማግኘት ግን አልተቸገሩም። ባለኪሱ አንድ የታወቀ ጠላት ነበረው፤ የቀድሞ ሸሪኩ፣ እሱም ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ቅጽል ስሙ «ኩርፌ»። ዛሬ በምሳ ሰዓት በመደዳው ሲያልፍ ሁለት ሰው አይቶታል። ከመምሸቱ በፊት ይዘው አመጡት።

«ከሟቹ ጋር ሳትነጋገሩ ስንት ዓመት ሆናችሁ?»

«አሥራ አንድ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሬዲዮ። በምን እንጣላልሽ፣ በአውሮፕላን?»

«ጋሼ፣ እኔም ደክሞኛል፣ እርስዎም ደክሞዎታል። ቀጥ አድርገው ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ተነፈሰ። «አንድ ሱቅ ነበረን። አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ሬዲዮ አመጡ። እኔ ጠገንኩ፣ እሱ ሊያደርስ ይዞ ሄደ። ሰውዬው የዚያኑ ቀን ከቤታቸው ደረጃ ወድቀው ሞቱ። ከቀብር መልስ የወንድማቸው ልጅ መጥቶ 'የአጎቴ ሬዲዮ የታለ?' ብሎ ሱቃችንን ቀወጠው። እሱ 'በእጃቸው አስረክቤያለሁ' ብሎ ማለ። ሬዲዮው ግን ከቤቱ የለም። እኔም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት 'ሸጠኸው ነው፣ ሌባ' አልኩት። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ስሙም እንደዚያው ቀረ።»

«ዛሬ በሱቁ በር ምን ፈልገው አለፉ?»

«መንገድ ነው። ይታለፋል።»

አለቃዋ ይህ በቂ ነው አለ፤ ቂም አለ፣ ሙያው አለ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ነበር። ነገ ክሱ ይጻፍ። ኢንስፔክተሯን ግን የተወለወለው አምፖል ከነከናት። በሙያው የሚገድል ጠጋኝ ጥላሸት ውስጥ የተወለወለ አምፖል አይሰቅልም።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮውን እስር ቤት ላለው ለኩርፌ አስመጣች። በከተማው የዚህን ዓይነት ሬዲዮ የሚያውቅ የቀረ እሱ ብቻ ነው። ምስክሯም ተጠርጣሪዋም አንድ ሰው ሆነ፤ ምን ታድርግ።

«ይሄ ምንድን ነው? ማን ሠራው? ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«እጄን ፍቺልኛ። በአፌ ልበይደው?»

ካቴናውን ፈታችለት። ሬዲዮውን አገላብጦ አየና «አላውቀውም» አለ። «እንዲህ ቀለም የቀባው ሰው እሱ ነው መታሰር ያለበት።»

ከዚያ ግን እጁ ከአፉ ተለይቶ ሥራ ጀመረ። ቫልቮቹን ቆጠረ፤ አምስት። አንዱ ትናንት ባለኪሱ ሲወድቅ ተሰብሯል። የሌሎቹ ጽሑፍ ጠፍቷል። አንዱን ነቀለና «ሃ» ብሎ ተነፈሰበት። በትንፋሹ ጉም ላይ ቁጥሩ ለአፍታ ወጥቶ ጠፋ። ሌላውንም እንዲሁ። ፊቱ መለወጥ ጀመረ። ሳጥኑን ገልብጦ በሽቦዎቹ መሃል በመነጽሩ ገባ። ቆየ።

«ምን አገኙ?»

«ራሴን» አለ።

በጣቱ አንዲት የብየዳ ነጥብ አሳያት። ሽቦው ከመበየዱ በፊት ወደ ግራ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዟል። «እኔ ግራኝ ነኝ። ሌላው ጠጋኝ ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዝዘው። ይሄ የእኔ እጅ ነው። ይሄ... ይሄ የጡረተኛው ሬዲዮ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

ስፒከሩን ፈታ። በወረቀቱ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ የባለኪሱ ጽሕፈት አለ፦ «ለባለቤቱ ተመለሰ»። ከሥሩ ቀን። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ጡረተኛው ከደረጃ የወደቁበት ቀን።

ኢንስፔክተሯ ቀኑን ሁለቴ አነበበችው። «ሲያደርሱ ይህን የመጻፍ ልማድ ነበረው?»

«ደንበኛው ፊት፣ በሩ ላይ ነው የሚጽፈው። እሱ ቀን የማይጽፍበት ነገር የለም። ቫልቭ ሲቀይር ይጽፋል። አምፖል እንኳ ሲሰቅል አንገቱ ላይ በምስማር ቀኑን ይጭርበታል። 'ባትሪህን መቼ ገዛኸው' ብትይው ሰዓቱን ይነግርሻል።»

ከኪሷ የተወለወለውን አምፖል አውጥታ አንገቱን አየች። ጭረት የለም።

ኩርፌ ከሱቁ አንድ ፖሊስ ተልኮ ባመጣለት ቫልቭ የተሰበረውን ተካ። ስፒናውን ሰኩ። መዘውሩን አዞረች። ምንም። ጠበቀች። ምንም።

«አይሠራም» ብላ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ አንድ ወንድ ድምፅ ከኋላዋ ክፍሉን ሞላው። የነገውን የአየር ሁኔታ ያነባል።

ደንግጣ ተመለሰችና የድምፁን መዘውር ዝቅ አደረገችው። ቀስ። ቀስ።

እጇ መዘውሩ ላይ ቀረ።

«ቫልቭ እስኪሞቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈልጋል» አለ ኩርፌ። «ዛሬ ያሉት ልጆች ተሰብሯል ብለው ይመልሱታል።»

ገዳዩ በጀርባ በር ገባ። አምፖሉን ለወጠ፣ ማብሪያውን ተጫነ፣ ሬዲዮው ዝም ስላለ ዝም እንዳለ የሚቀር መስሎት ወጣ። ከዚያ ጮኸበት። ሮጦ ተመልሶ ድምፁን ዘጋው። ልብስ ሰፊዋ መንፈስ አልሰማችም። ሬዲዮ የማያውቅ ሰው ነው የሰማችው።

«እርስዎ ቢሆኑ...»

«እኔ ብሆን መዘውሩን አስቀድሜ እዘጋ ነበር» አለ ሽማግሌው፤ እንደ ስድብ ቆጥሮት። «ማንን ነው የምታናግሪው?»

«የጡረተኛው የወንድም ልጅ፣ ዛሬ የት ነው ያለው?»

«የት ይሆናል? መደዳውን ወርሶ ያከራያል፤ የሁሉም በር ቁልፍ አለው። ቋጣሪው።»

ኢንስፔክተሯ ከቋጣሪው ቤት በፊት ኮሪደሩ ጋ ሄደች። ወንበር ላይ ወጥታ አምፖሉን ፈታች። አንገቱ ላይ በምስማር የተጫረ ቀን አለ። ጥላሸቱም አልተጠረገም።

ከዚያ ቤቱን አንኳኳች። የከፈተችው ሚስቱ ናት። የፖሊስ ልብሱን አይታ አልደነገጠችም፤ ከኢንስፔክተሯ ኋላ ሬዲዮውን የተሸከመውን ፖሊስ ነው ያየችው።

«ውይ፣ አለቀ እንዴ? ለባለቤቴ እንዳትነግሩት! ዕቃ ቤቱን ሳጸዳ ከጆንያ ሥር ነው ያገኘሁት። አስጠግኜ ላስደስተው ብዬ...»

ባልየው ከኋላዋ ብቅ አለ። ሬዲዮውን ሲያይ ግድግዳ ያዘ።

ጣቢያ ሲደርሱ አምፖሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ይህ የማነው?»

«የኮሪደሩ። እኔ ነኝ የሰቀልኩት።»

«ከየት ገዙት?»

«ከሱቅ ነዋ። ከየት ይገዛል?»

«አንገቱ ላይ ያለውን ያንብቡልኝ።»

አነሳው። አላነበበም።

«የባለኪሱ እጅ ነው» አለች። አንቱታው ከዚህ በኋላ ከአፏ ጠፋ። «የተቃጠለውን የኮሪደር አምፖል ወልውለህ ለእሱ ሰቀልክ። የእሱን ደህናውን ግን ብትጥለው ምን ነበረበት?»

«ይሠራል እኮ» አለ፤ ሳያስበው።

«ሬዲዮውስ? አጎትህን ከደረጃ ገፍተህ ስትወጣ ለምን ይዘኸው ወጣህ?»

አምፖሉን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። አጎቱ መደዳውን ሊሸጡ ነበር። ደረጃው አናት ላይ ተጨቃጨቁ። ገፋቸው። ሬዲዮው አሁን ገና ተጠግኖ ደርሶ በሩ ሥር ተቀምጧል። ጥሩ ሬዲዮ ነበር። ተወው ቢለው እጁ እምቢ አለ። በኋላ ይዞት መገኘት ሲያስፈራው የሠሪውን ስም ነቅሎ፣ ቀለም ቀብቶ ደበቀው። ጠርጣሪ እንዳይኖር ደግሞ ጠጋኞቹ ሱቅ ሄዶ ጮኸ።

«ባለኪሱ ምን አለህ?»

«ስፒከሩን ከፍቶ ቀኑን አይቷል። ያመጣችው ሚስቴ መሆኗን ደርሶበታል። ደወለልኝ። 'ኩርፌ ፊት ቆመህ ሌባ አልነበረም በልልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም' አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አላልክለትም?»

«ዛሬ ስለ ሬዲዮው ያለኝ ሰው ነገ ስለ ደረጃው ይጠይቀኛል።»

ከሰዓት በኋላ ኩርፌን ለቀቁት። ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን ሲመልሱለት ኢንስፔክተሯ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያ መቀመጧ ነው።

«ስሙ ነጽቷል፣ ጋሼ። ሬዲዮውን አስረክቦ ነበር። አሁን ተረጋገጠ።»

ሽማግሌው ማሰሪያውን አልቋጠረም። ከደረት ኪሱ ቦርሳውን አወጣ፤ ከቦርሳው እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ የደረሰ ትንሽ ወረቀት። የርክክብ ደረሰኝ ነው። ከሥሩ የጡረተኛው ፊርማ አለ።

«ከድሮው ጠረጴዛ መሳቢያ ጀርባ ወድቆ አገኘሁት» አለ።

«መቼ?»

«ስድስት ዓመት ሆነው። ልነግረው በየቀኑ ምሳ ሰዓት በበሩ አልፍ ነበር። ትናንት እንኳ ሄጄ ነበር። ተቆልፎ አገኘሁት።»