የጓድ ጭብጨባ ገጽ

ላጲሶ የሞተው በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሚስቱ የሺአረግ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትመለስ፣ ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ካለው ቤታቸው ሰገነት ሥር፣ የድንጋይ ንጣፉ ላይ ተዘርሮ አገኘችው።

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ሙነወር ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ «ራሱን ጥሎ ነው» ይል ነበር። ሻምበሉ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ የጽሕፈት መኪና አለ። የተጻፈ ወረቀት ግን አንድም የለም።

«ደራሲ ሊሞት ሲል ጽሑፉን ይበላል እንዴ?» አለ ለራሱ።

ላጲሶ ዐሥራ አንድ ዓመት የቴሌቪዥን የእሑድ ዝግጅት መርቷል። አንድ እሑድ የእንቁላል ምርት ከዕቅዱ ሦስት እጥፍ መድረሱን ሲያነብ ሳቅ አመለጠው፤ በማግሥቱ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ቀልደኛ ልቦለድ መጻፍ ያዘ፤ ሁለቱ መጻሕፍቱ ከእጅ እጅ ተነጠቁ። ወንበሩን የወረሰው ጓደኛው ስብሓት ነበር፤ አለቃው ሳይስቅ የማይስቅ፣ አለቃው ከሳቀ ግን እንባው እስኪፈስ የሚንከተከት ሰው።

ጽሑፉን የምትተይብለት ወርቅዬ እያለቀሰች ተናገረች።

«ስድስት ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሼ ወጣሁ። የመጽሐፉን አንዱን ቅጂ ለእርማት ቤቴ ወሰድኩ፤ ለጋሼ ለቅጂ የሚሆን አንድ አዲስ የካርቦን ወረቀት ትቼላቸው።»

«መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?»

«ጓደኛውን አሳብቆ ስላስባረረ አስተዋዋቂ። አቶ አጃቢ ይባላል።»

ስብሓት ጥቁር ክራቫት አስሮ ለልቅሶ መጣ።

«ከወር በላይ አላየሁትም፣ ጓድ ሻምበል። አዲሱን መጽሐፍም አላነበብኩትም። ጓድ ጭብጨባ አንተ ነህ የሚሉኝ ምቀኞች ናቸው።»

«እነማን ናቸው?»

«ከተማው ሁሉ!»

ሻምበሉ ተመልሶ ወደ ሰገነቱ ወጣ። ከጽሕፈት መኪናው ሥር የተረሳውን ካርቦን አነሣና በብርሃን አየው።

በማግሥቱ ጠዋት የሺአረግን፣ ወርቅዬንና ስብሓትን ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ይህ ካርቦን ወርቅዬ ስትሄድ ንጹሕ ነበር። አሁን አንድ ገጽ ተመትቶበታል። ላጲሶ ከስድስት ሰዓት በኋላ የአቶ አጃቢን ስም ለውጦ ጓድ ጭብጨባ ብሎታል። ወይዘሮ የሺአረግ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል ከቢሮ አልወጡም፤ አለቃቸውን ጠይቄያለሁ። ወርቅዬ የምታውቀው የድሮውን ስም ነው። አዲሱ ስም ያለው እዚያ ገጽ ላይ ብቻ ነበር። ገጹን ደግሞ ገዳዩ ወስዶታል።» ወደ ስብሓት ዞረ። «ታዲያ ከተማው ሁሉ ከየት ሰማው?»

የስብሓት ፊት ዐመድ መሰለ።

«ገጹን እንዲያጠፋው ለመንኩት! ሳቀብኝ። ገፋሁት… እንዲሞት አልነበረም።»

«ወረቀቱስ?»

«አቃጠልኩት።»

«አንብበው ጨርሰውት?»

«ስድቤን እስከ መጨረሻው ላንብብ?»

«መጨረሻው ላይ እኮ ጋሼ ይቅር ብለውዎታል» አለች ወርቅዬ። «ሁለቱን ጓደኛሞች አስታርቀው አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጠዋቸዋል።»

ሻምበሉ ቆሻሻ እንደ ነካ ሰው በሁለት ጣት የስብሓትን ክንድ ያዘ።

የሺአረግ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

«ቶሎ ያውጡልኝ» አለች። «ወርቅዬ ቤት ያለው ቅጂ ዛሬውኑ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት።»