ጣሪያው ላይ ቀን ነበር ወይስ ሌሊት

አንሴልም ኮርቢኖ ሞንትሩይ በሚገኘው ቤቱ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከፕሮጀክተሩ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል፤ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም አለ። ከመደርደሪያው አንድ የፊልም ቆርቆሮ ጎድሏል።

የቤቱ ቁልፍ ያላት የእህቱ ልጅ ኦዲል ብቻ ነበረች። ፖሊሶቹ ሊወስዷት ሲሉ ኢንስፔክተር ሩቪዬ አስቆማቸው።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ቤቱን ሽጠው እለው ነበር። ፊልሙ እንዳይበላሽ ብሎ ምድጃ እንኳ አያነድም። ታሞ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ለዚያ ከሆነ ውሰዱኝ።»

የጠፋው የአንድ ጥንታዊ ድምፅ አልባ የወንጀል ፊልም መጨረሻ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። አንሴልም ለማንም አሳይቶት አያውቅም። ሰው የሚያውቀው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፦ ጭምብል ያጠለቀ ሌባ ጣሪያ ላይ ቆሞ።

ሩቪዬ የሟቹን ሁለት ወዳጆች ጠየቀ። መጀመሪያ ማዳም ሶላንዥን።

«ጓደኛችን ፌርናን ፎቶው ላይ ያለውን ጥላ አይቶ ‹ቀን ነው› ይላል። እኔ ደግሞ ‹ያኔ ሌሊቱን በቀን ቀርጸው፣ ፊልሙን ሰማያዊ ቀለም ይነክሩት ነበር› እላለሁ። ‹ብለሽ ሞተሻል› ይለኛል። ዕድሜያችንን በዚህ ጨረስን።»

ቀጥሎ ፌርናን ጃክሚን ገባ።

«ሙስዬ ጃክሚን፣ ይህ አሮጌ ነገር ምኑ ነው የሚማርካችሁ?»

«ሌባው አይናገርም፤ ስለማይናገር አይዋሽም። በዚያ ሌሊት ጣሪያው ላይ ዞር ብሎ ሲያይዎት፣ ሌባው እርስዎ ይመስልዎታል።»

ሩቪዬ ማስታወሻው ላይ አንድ ቃል ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምድር ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«የሟቹ የወርቅ ሰዓት እጁ ላይ ነው። ሌባው ከዚህ ሁሉ ቆርቆሮ አንዱን ለይቶ ወሰደ። ኦዲል ቆርቆሮ ከቆርቆሮ አትለይም። በሩ አልተሰበረም፤ አንሴልም ራሱ ነው የከፈተው። ስለዚህ ከወዳጆቹ አንዱ ነው። ማዳም ድሮም ‹ሌሊት› ነው የሚሉት። እርስዎ ግን ሙስዬ ጃክሚን፣ ዕድሜ ልክዎን ‹ቀን› ሲሉ ኖረው ዛሬ ‹ሌሊት› አሉኝ። ፎቶው ቀለም የለውም፤ ሰማያዊው የሚታየው ፊልሙ ላይ ብቻ ነው። ማን አስረዳዎት?»

ፌርናን ተቀመጠ።

«ሰማያዊ ነበር» አለ። «ሶላንዥ፣ ልክ ነበርሽ።»

«ማን ጠየቀህ» አለች።

«አንሴልም ራሱ አሳየኝ። ፊልሙ እርስ በርሱ መጣበቅ ጀምሯል። ቅጂ እናውጣለት ብዬ ለመንኩት፤ ‹ከእኔ ጋር ይቀበራል› አለ። ተጓተትን፤ ወደቀ።»

ሩቪዬ ምልክት ሰጠ፤ ፖሊሱ የኦዲልን ክንድ ለቀቀ። እሷ ግን አልተነሳችም፤ ወደ ፌርናን ዞረች።

«ወዲያው ሞተ?»

«ስሜን ጠራ። ቆርቆሮውን ታቅፌ ነበር። እንዳይወድቅብኝ ቀስ ብዬ ወጣሁ።»

«እስከ መቼ ጠራህ?»

«ደረጃው እስኪያልቅ።»