ሐሙስ ገብቶ ያልወጣው

ይሄን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው። ቀኙ ገና አልዳነም። ውሸት ነው የሚል ካለ መጥቶ ስፌቱን ይቁጠር... አስራ ዘጠኝ ነው።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች። ታላቅ እህቴ ቤት ነኝ።

ሥራዬ የቤት ማንቂያ ደወል መግጠምና መጠገን ነው። እህቴ ብቻዋን ስለምትኖር በየመስኮቱና በበሩ ላይ ሴንሰር ገጥሜላታለሁ። ሲከፈት ይጮኻል፣ ሰዓቱንም ይመዘግባል።

ከሁለት ሳምንት በፊት የመኝታ ቤቷ መስኮት እሷ ሥራ ላይ ሳለች ይጮህ ጀመር። እየሮጠች ስትመጣ ዝግ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተማረረ።

እኔም ሥራ በዝቶብኝ ነበርና በስልክ፣ "ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው። ያንን መስኮት ዝለይው፣ ስመጣ አየዋለሁ" አልኳት።

እኛ ባለሙያዎች እንዲህ እናደርጋለን። የተዘለለ መስኮት አይጮህም... መመዝገቡን ግን አይተውም።

"የሰው ቤት ስታስተካክል ትውላለህ፣ የእህትህ ሲሆን ሁለት ሳምንት" አለችኝ በሩን ስትከፍት።

መኝታ ቤቷ ገብቼ የሴንሰሩን ባትሪ ለካሁ። ሙሉ ነው።

ማግኔቱን አየሁ። ደህና ነው።

መስኮቱን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ... ሴንሰሩ በደንብ ይሠራል።

"እትዬ፣ ሌላ የተበላሸ ነገር አለ?"

"ኧረ የለም። ዳቦ ቶሎ ያልቅብኛል እንጂ። ማበጠሪያዬንም እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ... እርጅና ነው መሰለኝ" ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ካቻቢቴዬን አልጋው ላይ ጣል አድርጌ መዝገቡን በስልኬ ከፈትኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል፣ ተከፈተ... ተዘጋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ተከፈተ... ተዘጋ።

ማክሰኞም እንደዚያው። ረቡዕም።

እህቴ ከቤት የምትወጣው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የምትመለሰው አስራ ሁለት።

ሐሙስ ሁለት ተኩል፣ ተከፈተ... ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በሩም የተከፈተው እሷ ስትወጣና ስትገባ ብቻ ነው።

ገብቷል... አልወጣም።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

"እትዬ" አልኩ በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ ወደ ደጅ ውጪ።"

"ምን ሆንክ?"

"አትጠይቂኝ። ውጪ..."

የቁም ሳጥኑ በር ተከፈተ።

ቀጭን ሰው ነው። የእህቴን ሹራብ ለብሷል። አልጋው ላይ ያለውን ካቻቢቴ ከእኔ ቀድሞ አነሳ።

መጀመሪያ ትከሻዬን ወጋኝ። ከዚያ ክንዴን... ደጋግሞ። ድምፅ እንኳ አላወጣም። ወለሉ ላይ ጥሎኝ ጉሮሮዬን ሲፈልግ፣ ወደ ሳሎን ሮጣ የነበረችው እህቴ ካውያ ይዛ ተመለሰች።

አንዴ መታችው። አልወደቀም። ሁለተኛው መንጋጋውን ሲሰብረው ሰማሁ። ከወደቀ በኋላም መምታቷን አላቆመችም። እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም... ለእሷም፣ እሷንም።

ፖሊሶች መጡ። ሰውየውን በቃሬዛ አነሱት። እህቴ እኔ ቤት ለማደር አልጋው አጠገብ ቆማ ልብስ ትሰበስባለች።

በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኑን ገለጠ። እኔን አላየኝም።

ከእህቴ አናት በላይ ያለውን ኮርኒስ አየ... ቀስ ብሎም "ተው" እንደሚል ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ቀና አልኩ።

ከኮርኒሱ አንዱ ክዳን ጣት በምታህል ክፍተት ተነስቶ ነበር። እያየሁት... ቀስ ብሎ ተገጠመ።