መስታወት ውስጥ የነበረው ማውስ

«ልጅዎን ሊወስዱ ከሆነ ገና ልምምድ ላይ ነው፤ እስኪጨርስ እዚያ አረፍ ይበሉ፣ እናቴ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከስልኳ ላይ ቀና ሳትል።

«ልጅ የለኝም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሌባ ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

ልጅቷ ቀና አለች። የፖሊስ መታወቂያውን ስታይ ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ይቅርታ! በየሳምንቱ አንዷ እናት እየመጣች ስለምትጮህብን ነው።»

«ይፈረድባታል?»

ኮሪደሩ ያልታጠበ ካልሲና የተደፋ የኃይል መጠጥ ይሸታል። ከመስታወቱ ወዲያ ጎረምሶች ኮምፒውተር ላይ ተደርድረው ይተኩሳሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። አንዱ ስክሪኑን ሳይለቅ የቀዘቀዘ ምግብ በእጁ ይዝቃል።

የሊጉ ፕሬዚዳንት መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። መዳፉ ረጥቧል፤ ሽቶ ይሸታል። ሲለቃት እጇን ቀስ ብላ በቀሚሷ ጠረገች።

ወደ ታሪክ ክፍሉ ወሰዳት። የተኩስ ጌም ሊጉ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ስለሆነ ክፍሉ በዚያው ሳምንት ይመረቃል። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ሊጉ የተጀመረበት ምድር ቤት ይታያል፦ አሥር ኮምፒውተር፣ አሥር ወጣቶች፣ የተዋሷቸው ዱካዎች። ቀጥሎ አዳራሽ። ቀጥሎ ሕዝብ የሞላው ስታዲየም። መሀል ላይ ግን ባዶ የመስታወት ሳጥን ቆሟል። ጽሑፉ «የመጀመሪያው አጭበርባሪ ማውስ» ይላል።

«የጠፋው ይሄ ነው?»

«አዎ። በመጀመሪያው ዓመት ፍጻሜ የእኔው ቡድን ተኳሽ የተጫወተበት ነው። ጭልፊት ነበር የምንለው። ዳኛው ሲፈትሽ ማውሱ ውስጥ ጠመንጃውን በራሱ የሚያነጣጥር ነገር ተጭኖ አገኘ። ዕድሜ ልኩን ታገደ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የአክስቴ ልጅ ነው። እናቱ ናት ያሳደገችኝ። አንድ አልጋ ላይ ነው ያደግነው። ግን ሕግ ሕግ ነው።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«እሱን በአፌ አልጠራም።»

ጠርቶ ጨርሷል።

ከሰዓት በኋላ ስሙን ያልተናገረ ሰው ደውሎ ማውሱ ያለበትን ጠቆመ። ፖሊሶች የጭልፊትን የስልክ ጥገና ሱቅ ፈተሹ። ማውሱ ከሞቱ ባትሪዎች ካርቶን ውስጥ ወጣ።

«ማን አስቀመጠው?» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«እኔ እንጃ።»

«ሱቅህ ውስጥ እኮ ነው የተገኘው።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ከዚህ ዕቃ ስሸሽ ነው የኖርኩት። መልሼ ልስረቀው?» ሳቀ፤ ሳቁ ደረቅ ነው። «ብሰርቀውስ በመዶሻ አደቀው ነበር እንጂ ባትሪ መሀል አስተኝቼ እናንተን እጠብቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ያስፈራሃል?»

«እናቴ። ያኔ አጭበርባሪ ነው ሲሏት አምናቸው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። አሁን ደግሞ ሌባ ነው ከተባለች በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«ሰሞኑን ከደንበኛ ሌላ ማን መጣ?»

«የአክስቴ ልጅ፣ ፕሬዚዳንቱ። ከታገድኩ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። እንታረቅ ብሎ አቅፎኝ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ታሪክ ክፍሉ ተመለሰች። ክፍሉን የምታዘጋጀው ወጣት ሴት ፎቶ እየሰቀለች ነበር።

«ማውሱን ነክተሽው ታውቂያለሽ?»

«ጎብኚ እንዲሞክረው ብዬ ሰክቼው ነበር። ጉድ ነው! ጣቴን ነቅነቅ ሳደርግ ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ ሦስቴ ዞረ። ለፕሬዚዳንቱ እየሳቅኩ ነገርኩት።»

«ሳቀ?»

«አልሳቀም። በማግስቱ ማውሱ የለም።»

የፍጻሜውን ቪዲዮ ከፈቱ። የቡድኑ አምበልና ጭልፊት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ማውሶቹ ሁሉ ስፖንሰሩ የሰጣቸው፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ናቸው። ጭልፊት ሙሉ ክንዱን እያወናጨፈ ማውሱን ከጠረጴዛው ጫፍ ጫፍ ይጎትታል፤ ክርኑ አምበሉን ይጎሽመዋል። የአምበሉ መዳፍ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጣብቋል። የሚንቀሳቀሰው የእጁ አንጓ ብቻ ነው።

«በዚያ ማውስ እንዲህ ክንድ እያወናጨፉ መጫወት ይቻላል?»

«በጭራሽ! ባለቤቱ የሞላው ፍጥነት እዚያው ማውሱ ውስጥ ነው ያለው፤ እንደ እንዝርት ነው የሚሾረው። እሱን የሚችለው እንደ...» ወጣቷ ጣቷን ወደ አምበሉ ቀስራ ቀረች። አምበሉ ያኔ ከሲታ ነበር። ዛሬ ፕሬዚዳንት ነው።

ኢንስፔክተሯ ማውሱን አምጥታ ፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የጭልፊት እጅ የሚያዘው ማውስ አይደለም፤ የእርስዎ ነው። ስናጣራ ጥቆማውም የተደወለው ከዚህ ሕንፃ ስልክ ነው። ይካዱኝ እስቲ።»

ላብ አጠመቀው። በሩን አየ፣ እሷን አየ።

«ማስረጃ ሆኖ ይቆለፍበታል እንጂ ፖሊስ ማውስ ሰክቶ ያያል ብዬ አላሰብኩም» አለ በመጨረሻ።

«ያን ቀን ምን ተደረገ?»

«ፍተሻ አለ ተባለ። እሱ ውሃ ሊጠጣ ተነሳ። የእኔን ማውስ በእሱ ቀየርኩት።»

«ወንድምህ ማለት እኮ ነው!»

«ሊጉን የመሠረትኩት እኔ ነኝ። እኔ ከተባረርኩ ሊጉ ያልቅለት ነበር። እሱ ተኳሽ ነው፤ ተኳሽ ደግሞ ሞልቷል።» ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ልምምድ አዳራሹ አመለከተ። «ይኸው፣ አንዱ ሲደክም ሌላ እናስገባለን።»

ኢንስፔክተሯ ማውሱን መልሳ ማስረጃ ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

«አቅፈኸው ስታለቅስ እጅህ የት ነበር?»

የፕሬዚዳንቱ እንባ መጣ፤ እንደ ቧንቧ፣ ሲፈልግ የሚከፍተው። ኢንስፔክተሯ ልትነካው አልፈለገችም። ካቴናውን ለባልደረባዋ ሰጠችና መስኮቱን ልትከፍት ሄደች።

ፕሬዚዳንቱ በስርቆትና በሐሰት ጥቆማ ተከሰሰ። ሊጉ እገዳውን አንስቶ ጭልፊትን በይፋ ይቅርታ ጠየቀው፤ አሠልጣኝ ሁንልንም አለው። ጭልፊት ይቅርታውን እናቱ ባለችበት እንዲደግሙት ብቻ ጠየቀ። ደገሙት። ከዚያ ሱቁን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ።