ሳንቲሙ ላይ የተጨባበጡት እጆች

ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሾፌር ተረት ያወራል በሉኝ። ለምጄዋለሁ። ግን በራሴ የደረሰ ነው።

በፈረንጆቹ 2016፣ ጥቅምት። ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዴንቨር፣ አንድ ሆስፒታል ፓርኪንግ ውስጥ... ፀሐዩ ቦግ ብሎ።

የጀመረው ሰኞ ነው።

ከኤርፖርት ያመጣኋቸው ሽማግሌ ፈረንጅ ሲወርዱ የነሐስ ሳንቲም እጄ ላይ አኖሩ።

"የጥንት ሮማ ነው" አሉኝ። "ንጉሡ ከሚስቱ ጋር በፍቅር እንደሚኖር ሕዝቡ እንዲያውቅለት ያሠራው። ለእኔ አልፎብኛል... አንተ ለሚስትህ ስጣት።"

ሚስት!

ሠርካዲስ በሰማንያ ያገባኋት ናት። በልጃችን በሔቨን ምርቃት፣ የሥራ ጓደኞቿ ማነው ሲሏት "ሾፌሬ ነው" ብላ አሳቀችብኝ።

ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ።

አውሮራ፣ የተከራየሁበት ድረስ መጣች። "ቀልድ እኮ ነው፣ ይቅር በለኝ" ብላ እጇን ዘረጋች። ያቺ ትንሿ ጣቷ ቆልመም ያለች ናት... ድሮ የመኪና በር ሳላይ ዘግቼባት።

እጄን ኪሴ ከተትኩ። የእሷ እንደተዘረጋ ቀረ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን፣ ተለያይተን።

ሽማግሌው ሲሄዱ ሳንቲሙን አየሁት፤ በአንድ በኩል ባልና ሚስት ይተያያሉ። በጀርባው ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል። ዳሽቦርዱ ላይ ወረወርኩት።

ማክሰኞ አየሁት... ሴትዮዋ ባሏን አታይም።

እኔን ነው የምታየው።

ፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ሔቨን ደወለች። በሹክሹክታ።

"ዳድ... ማሚ ሆስፒታል ናት።"

"ምን ሆና?"

"ልቧ። ፕሊስ ና፣ አንተን ነው የምትጠራው።"

"ሾፌር ፈልጋ ነው?"

"ዳድ!"

ዘጋሁት።

ሳንቲሙን ገለበጥኩት... እጆቹ ተላቅቀዋል። በመሃላቸው ጥፍሬን ሰደድኩ።

ገባ።

ዓርብ ከሰዓት ጣቴ ራሱ የሚገባ መሰለኝ። ያኔ ነው የፈራሁት። ተሳፋሪ ትቼ ወደ ሆስፒታሉ ነዳሁ።

ሔቨን ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም።

"አሁን..." አለችኝ። "ጀስት ናው፣ ዳድ።"

ሠርካዲስ ተኝታለች። ቀኝ እጇ ከአልጋው ወጥቶ፣ ወደ በሩ ተዘርግቷል።

"ስትጠብቅህ ነው" አለች ልጄ። "እጄን አልሰበስብም አለች።"

ጨበጥኩት።

አልጨበጠኝም።

እንዴት ወደ ፓርኪንጉ እንደወረድኩ አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሳንቲሙን አነሳሁት... ሞቋል። ሰው ሲይዘው እንደቆየ።

ገለበጥኩት።

የወንዱ እጅ የለም። ቦታው ልሙጥ ሆኗል።

የሴቷ ብቻ ቀርቷል፣ ተዘርግቶ...

ትንሿ ጣቷ ቆልመም ብላለች።