የሁለተኛዋ በር ሟች

ኢንስፔክተር ሳቢት የሟቹን ቢሮ ሲከፍት ረምዚ በመስታወት ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ ነበር። ረምዚ የጅቡቲ አየር ማረፊያን የመሳፈሪያ በሮች ለአየር መንገዶች የሚደለድል ሰው ነበር። ማጅራቱን የፈነከተው የወረቀት መጫኛ ድንጋይ ቢሮው ጥግ ባለው የእጅ መታጠቢያ ታጥቦ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ ከድልድሉ መዝገብም የዛሬው ገጽ ተገንጥሏል። ጥበቃው እንዳለው ጠዋት በኮሪደሩ ያለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሁለቱ የአየር መንገድ ሥራ አስኪያጆች ናቸው። የታጁራ ኤሩ ከሊፋ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ የአዋሽ ክንፉ ፀጋው ግን ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። በሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ለረፋዱ በረራ የቀረችው ሁለተኛዋ ብቻ ስለሆነች አየር መንገዶቹ ለእሷ ሲናከሱ ወራት አልፏል።

«ኢንስፔክተር፣» አለ ከሊፋ አስከሬኑን በዓይኑ ዘሎ፣ «አሁን ድልድሉን ማን ይፈርመዋል?»

ፀጋውም መነጽሩን በከረባቱ እየወለወለ መልሱን ለመስማት ጠጋ አለ። ሳቢት ሃያ ዓመት ሙሉ አስከሬን አይቶ ተጸይፎ አያውቅም። ዛሬ ግን የቆሙትን ተጸየፋቸው።

ሦስተኛዋ ካቴና ገብቶላት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ቦንቱ ናት፤ ጠረጴዛው የታበሰበት ደም ያለው ጨርቅ የተገኘው ከእሷ ባልዲ ውስጥ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ሃያብለ ሰፈር ጎረቤት ጋ ትታት የመጣች ሕፃን ልጅ ግን አለቻት፤ ዛሬ ከታሰረች ያቺን ልጅ የሚያነሳት የለም።

«መስታወቱን በምን ወለወልሽው?» አላት ሳቢት ቁጢጥ ብሎ።

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ ጌታዬ። ተሳፋሪዎች ፍተሻው ላይ የሚጥሉትን የጠርሙስ ውሃ አጠራቅማለሁ። ወልውዬ፣ ባልዲዬን እዚሁ ትቼ ሽንት ቤት ልጠርግ ሄድኩ።»

ሳቢት ተመልሶ ጠረጴዛውን አየ። መስታወቱ ላይ ነጭ ጭረት ደርቋል። በመስኮት ሲመለከት የከሊፋ ሾፌር የመኪናውን መስታወት በጠርሙስ ውሃ ያጥባል። ሲጠየቁ ከሊፋ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ረምዚን በሕይወት ትቶት እንደወጣ ተናገረ። ፀጋው ደግሞ በሩን አንኳኩቶ መልስ ስላጣ ጨርሶ አልገባሁም አለ።

ሳቢት ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ቦንቱ በር አይደለደልላት፤ ገጹን ለምን ትገነጥላለች?» ብሎ ጀመረ። «ገጹን የሚጠላው በሯን የተከለከለ ሰው ነው። ቀጥሎ ይህን ጠረጴዛ እዩ። ገዳዩ አሻራውን ያጠፋው ቦንቱ ትታው ከሄደችው ባልዲ ባነሳው ጨርቅና በዚህ በእጅ መታጠቢያው ውሃ ነው። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ሲደርቅ እንዲህ ይነጣል። እናቴ ከወሎ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ በመጀመሪያው ሳምንት በስድብ ነው የተማረችው። ቦንቱ ታውቃለች፤ ከሊፋም ያውቃል። የማያውቀው እንግዳ ነው።»

ወደ ፀጋው ዞረ። «መነጽርዎን ይስጡኝ።»

ፀጋው አውልቆ ሰጠው። የመነጽሩ መስታወት ላይ ያው ነጭ ነጠብጣብ ነበረበት፤ ከረባቱ ሊያስለቅቀው አልቻለም። ሳቢት የመነጽሩን ማጠፊያ ገልጦ ውስጡ የደረቀውን ደም አሳየ።

«አልገባሁም ብለውኛል። የተረጨብዎትን ደም ሲያጥቡ እዚህ ውስጥ ያለውን አላዩትም።»

ፀጋው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «በሯን ሳላገኝ እንዳልመለስ ነው የላኩኝ፣» አለና የተጨማደደውን ገጽ ከካልሲው አወጣ። ረምዚ በሯን ለታጁራ ኤር ጽፏት ነበር።

ከሊፋ አንገቱን አስግጎ አነበበ። «እንግዲህ የእኛ ናት ማለት ነው?»

ሳቢት ትንፋሹ ሳይቀር የሸተተው መሰለው። «መዝገቡ ኤግዚቢት ነው፤ በሯም ምርመራው እስኪያልቅ ዝግ ናት፣» አለውና የቦንቱን ካቴና ፈታላት።

እሷ ግን ወዲያው አልወጣችም። ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ጎንበስ አለችና፣ ከጠዋት ጀምሮ ማንም ያልሸፈነውን የረምዚን ፊት ሸፈነችው። ከዚያ ልጇ ጋ እንዲያደርሳት ሳቢትን ለመነችው።